ድንጋይና መልህቅ ለየቅል ናቸው

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጣና በጋዜጣ ሲነሣ ወሬው እምቦጭ፣ ገዳማት፣ አሳና ግድብ ነው። የጀልባ ነገር ሲነሣ ደግሞ ላይፍ ጃኬት አለ ወይ ይባላል፤ ሞተሩ ስንት የፈረስ ጉልበት ነው ይባላል። ሞተሩ ጠፍቶ ነፋስ ጀልባውን ወደ ቋጥኝ ሲገፋው ምን ይዞት ይቆማል ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። ብዙ ጊዜ ከጀልባው አፍንጫ ሥር ተጠቅልሎ የሚታየው በፕላስቲክ ገመድ የታሰረ ድንጋይ፣ አሸዋ የተሞላ ጀሪካን ወይም ከአሮጌ መኪና የወጣ ቸርኬ ነው። መልህቅ የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን የምናውቀው ከቤተ ክርስቲያን ንባብ እንጂ ከዕቃ ቤት ስላልሆነ አያስደንቅም። ይህን የምጽፈው በባሕር ዳርም ሆነ በእንጅባራ በኩል ጀልባ የሚያሠሩና የሚነዱ ሰዎች ገንዘባቸውን ለማይይዝ ብረት እንዳያወጡ ነው።

ጥልቀቱን አስቀድመን እናስተካክል። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ተንጣልሎ፣ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ገደማ ነው፤ አማካዩ ከ10 ሜትር በታች ነው። ጎጃም ውስጥ በእውነት ጥልቅ የሚባለው ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ያለው ዘንገና ነው፤ ከዳር እስከ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ሆኖ ጥልቀቱ 166 ሜትር ይደርሳል። ሁለቱ ሐይቆች አንድ ዓይነት መልህቅ አይሹም፤ እንዲያውም አንደኛው ጨርሶ መልህቅ አይፈልግም። ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ስለ ጣና እንጀምር። «ከባድ ነገር ከታች ካለ ጀልባው የት ይሄዳል» የሚለው ሐሳብ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይቀልላል። ዕቃው ራሱ ይቀልላላ! ማንኛውም ነገር ውሃ ውስጥ ሲገባ ቦታውን የለቀቀለትን ውሃ ያህል ክብደት ያጣል። መሬት ላይ 50 ኪሎ የሚመዝን ጥቁር ድንጋይ ሐይቁ ውስጥ 32 ኪሎ ገደማ ይሆናል። 50 ኪሎ ኮንክሪት ወደ 29 ይወርዳል። ብረት ብዙ አይጎዳም፤ ከ50ው 43 ተኩል ያህል ይቀረዋል። የጀሪካኑ ነገር የባሰ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ደረቅ አሸዋ ተሞልቶ ክዳኑ ሲጠብቅ 32 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ተሸካሚውን ያጎብጠዋል፤ ውሃ ውስጥ ግን 12 ኪሎ ብቻ ነው። ሌላ ምንም ከሌለ ክዳኑን ከፍቶ ውሃ በአሸዋው መካከል እንዲገባ ማድረግ ብቻውን ወደ 20 ኪሎ ይመልሰዋል።

የቀረው ክብደትም ሁሉ መያዣ አይሆንም። ድንጋይ ጭቃ ላይ የሚይዘው በመጎተት ሰበቃ ስለሆነ፣ ከውሃ ውስጥ ክብደቱ ግማሹን ያህል ከያዘ ጥሩ ነው። 50 ኪሎው ድንጋይ 16 ኪሎ ያዘ ማለት ነው።

አሁን ነፋሱን እናስላ። የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ነው፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ሸራ ጣሪያ ያለው የ7 ሜትር ጀልባ ከፊት ለፊቱ 4 ካሬ ሜትር ያህል ለነፋስ ያጋልጣል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ይህን ጀልባ በ20 ኪሎ ኃይል ይገፋዋል። የክረምት ማዕበል ነፋሱን ወደ 72 ቢያደርሰው ግፊቱ 80 ኪሎ ይሆናል። ጀልባው ጎኑን ሰጥቶ 10 ካሬ ሜትር ካጋለጠ ደግሞ 200 ኪሎ። የሞገዱ ንጠቃ ከዚህ ውጭ ነው። (ጣና ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ስላለ አየሩ ስስ ነው፤ ስለዚህ በውጭ አገር ሰንጠረዥ ላይ የሚታየው የነፋስ ግፊት ለእኛ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። ቅናሹን ሂሳቡ ውስጥ አስገብቼዋለሁና ዳግመኛ አይቀነስ።) ያ 16 ኪሎ ታዲያ ማንን ያቆማል? ድንጋዩ ጠዋት ጠዋት፣ ውሃው እንደ መስታወት ተኝቶ ሳለ፣ በደንብ ይሠራል፤ ሰው የሚታመንበትም ለዚህ ነው።

እውነተኛ መልህቅ የሚይዘው በመቆፈር ነው። ወለሉ ደህና ከሆነ 10 ኪሎ ብረት ከክብደቱ አሥር እጥፍና ከዚያም በላይ ይይዛል። «ወለሉ ደህና ከሆነ» የምትለዋን ቃል ግን አንዝለላት፤ መልህቅ የሚመረጠው በወለሉ ነውና። የጣና ወለል አብዛኛው ግልገል አባይና ሌሎቹ ገባሮች ከየተራራው ያወረዱት ለስላሳ ደለል ነው። በዘጌ ልሳነ ምድርና በደሴቶቹ ጥግ ደግሞ ጥቁር ድንጋይ ይጠብቃል። የቱ ጋ የቱ እንዳለ በዓይን አይታይም፤ ውሃው ድፍርስ ነው።

ለዚህ አሮጌ ብልሃት አለ። አንድ ኪሎ ያህል የሚመዝን ድፍን ብረት በቀጭን ሲባጎ ታስሮ፣ ሲባጎው በየሁለት ሜትሩ ይቋጠራል። የብረቱ ታችኛው ፊት በመሰርሰሪያ ትንሽ ተቦርቡሮ ጉድጓዱ በሞራ ይሞላል። ብረቱ ወርዶ ወለሉን ሲነካ ሲባጎው ይላላል፤ ቋጠሮ ተቆጥሮ ጥልቀቱ ይታወቃል። ሲወጣ ሞራው ይታያል። ጥቁር ጭቃ ከያዘ ደለል ነው፤ ፍሬ ፍሬ ካለበት አሸዋ ነው፤ ንጹሕ ሆኖ ጭረት ብቻ ካለው ድንጋይ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ በተለያየ ቦታ ይጣላል። ዋጋው ከምንም አይቆጠርም፣ ውሸትም አያውቅም።

ወደ ቅርጾቹ ልለፍ። በየሱቁ የሚገኘው ታጣፊ ባለ አራት ጥፍር መልህቅ ለመያዝና ለማስቀመጥ ስለሚመች ይወደዳል፤ ጣና ላይ ግን ጥፍሮቹ ጣት በእርጎ ውስጥ እንደሚያልፍ በደለሉ ውስጥ ያልፋሉ። ቦታው ድንጋይ ነው፤ በቋጥኝ ስንጥቅ ገብቶ ይይዛል። በፌሮ የሚበየዱት ባለ ጥፍር መልህቆችም ጠባያቸው ይኸው ነው። ባለ 16 ሚሊ ፌሮ አራት ቦታ ቢቆለመም ጭቃ የሚጨብጥ መዳፍ የለውም።

ሁለተኛው የማረሻ ቅርጽ ያለው ነው። የመጀመሪያው ታዋቂ ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1933 እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጄፍሪ ቴይለር ውሃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች የሠራው ሲሆን፣ አሳቡ ቀላል ብረት በቅርጹ ይያዝ የሚል ነበር። ማረሻ እንዴት አፈር እንደሚገባ ለጎጃም ሰው መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ጫፉ ዘንበል ብሎ ሲጎተት ይገባል፤ ሞፈሩ ቀና ካለ ግን ይንሳፈፋል። የዚህ መልህቅ ጥሩነቱ ነፋስ ሲዞር አብሮ መዞሩና ካልተነቀለ በጭቃው ውስጥ ማረሱን መቀጠሉ ነው። ለመሥራት ግን ከባድ ነው፤ የሁለቱ ክንፎች ሚዛን ትንሽ ከተዛባ በጎኑ ተኝቶ ይንሸራተታል።

ለጣና ደለል እኔ የምመርጠው ሁለት ሰፋፊ ሳህን ያለውን፣ በፈጣሪው ስም ዳንፎርዝ የሚባለውን ነው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ዳንፎርዝ የሠራው መልህቅ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ወደ ባሕር ዳር የሚያወርዱ ጀልባዎች ይዘውት ነበር። ሁለቱ ሳህኖች በማጠፊያ ላይ ሆነው ወደየትኛውም ፊት ስለሚተኙ፣ በየትኛውም ጎኑ ቢወድቅ ጫፋቸው ወደ ታች ይዞራል። ቀላል ሆኖ ሰፊ ነው፤ በለስላሳ ጭቃ የሚፈለገውም ስፋት ነው። ጉድለቱ ሁለት ነው። ድንጋይ ላይ ዋጋ የለውም፤ ነፋስ ዞሮ ሲነቅለው ደግሞ በማጠፊያው ጠጠር ወይም የደንገል ሥር ከገባበት ተመልሶ አይገባም።

የተሠራው ከገበያ ከጠፋ ደህና በያጅ ይሠራዋል። ለ6 እና ለ7 ሜትር ጀልባ የሚሆነው እንዲህ ነው። ሳህኖቹ ከ6 ሚሊ ላሜራ፣ ርዝመታቸው 35 ሳንቲ ሜትር፣ የኋላ ስፋታቸው 18፣ ወደ ፊት እየሾለሉ የሚሄዱ ሦስት ማዕዘኖች ናቸው። ዘንጉ 5 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ሆኖ 70 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል። በሳህኖቹ ሥር ባለ 20 ሚሊ ድቡልቡል ብረት፣ 70 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው፣ በአግድም ያልፋል፤ እሱ ከሌለ መልህቁ ይገለበጣል። ሁሉም ሲደመር 7 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመጣል። የሳህኖቹ ጫፍና የፊት ጠርዝ በሞላ፣ ማለትም በብረት መሳያ ማሽን፣ ይሳላል።

ብዙ በያጅ የሚስተው አንግሉን ነው። ሳህኑ ከዘንጉ ጋር የሚከፈተው ማዕዘን ለአሸዋ 30 ዲግሪ ያህል ነው፤ ከውጭ የመጣ ናሙና ሲቀዳ የሚቀዳው ይኸው ነው። ለለስላሳ ጭቃ ግን 45 ዲግሪ ያስፈልገዋል፤ 30ው ጭቃው ላይ እንደ መንሸራተቻ ይሄዳል። ማቆሚያው ብረት የሚበየደው ሳህኑ በሁለቱም አቅጣጫ 45 ላይ እንዲቆም ነው። ብየዳው ደግሞ ላይ ላዩን የተቀባ እንዳይሆን። ማቆሚያውና ማጠፊያው የሚገናኙበት ቦታ መልህቁ ሲነቀል ከፍተኛውን ጫና የሚሸከም ስለሆነ፣ ጠርዙ በሞላ ተሞርዶ በሁለት ዙር ይሞላ። ቀለም ከመቀባቱ በፊት በመዶሻ መትቶ ድምፁን ማዳመጥ አይከፋም፤ የተሰነጠቀ ብየዳ የተሰነጠቀ ጀበና ድምፅ አለው።

እስካሁን ስለ ብረቱ አወራሁ፤ ከዚህ ይልቅ ገንዘብ የሚያስፈልገው ገመዱ ነው። መልህቅ የሚቆፍረው ወደ ጎን ሲጎተት ነው። ወደ ላይ ሲጎተት ይነቀላል፤ የምንነቅለውም እንደዚያው ነው። 9 ሜትር ጥልቀት ላይ የጀልባው አፍንጫ ከውሃው 1 ሜትር ከፍ ካለ ሂሳቡ የሚጀምረው ከ10 ነው። 30 ሜትር ገመድ ቢለቀቅ ገመዱ ከወለሉ ጋር 20 ዲግሪ ያህል ይሠራል፤ ጸጥ ላለ የምሳ ሰዓት ይበቃል፣ ለነፋስ ግን አይበቃም። 50 ሜትር ሲለቀቅ 11 ተኩል ዲግሪ ይሆናል። 70 ሲሆን 8። ነፋስ ሲያስገመግም ደንቡ ሰባት እጥፍ ነው፤ ለቀን ማረፊያ አምስት እጥፍ። በጣና ጥልቁ ቦታ፣ 14 ሜትር ላይ፣ አፍንጫውን ጨምሮ 15 ይሆንና ሰባት እጥፉ 105 ሜትር ነው። ስለዚህ ሐይቁን የሚያቋርጥ ጀልባ 100 ሜትር ገመድ ይያዝ ማለት ቅንጦት አይደለም። 20 ሜትር ገመድ የታሰረበት እጅግ ጥሩ መልህቅ ጥሩ ድንጋይ ነው፣ ከዚያ አያልፍም።

ገመዱ ናይሎን ይሁን። ለ7 ሜትር ጀልባ 12 ሚሊ ውፍረት ይበቃል። ናይሎን እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፤ ሞገድ ጀልባውን ሲነጥቀው ንጥቂያው መልህቁ ጋ ሳይደርስ ገመዱ ውስጥ ይሞታል። ገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጠው ቢጫና ሰማያዊ የፕላስቲክ ገመድ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ብዙ አይለጠጥም፤ ውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ በሞተሩ ውልብልቢት ይጠመጠማል፤ በእኛ ደጋ ፀሐይ ደግሞ ፈጥኖ ይደርቅና ሲታሽ ዱቄት ይወጣዋል። ነጋዴው «ናይሎን ነው» ቢል ጣት የምታህል ቁራጭ ጠይቆ ብርጭቆ ውሃ ውስጥ መጣል ነው። ከሰጠመች ናይሎን ሊሆን ይችላል፤ ከተንሳፈፈች በፍጹም አይደለም። ቃጫ ገመድ እርጥብ ሆኖ ሲቀመጥ ከውስጥ ይበሰብሳል፤ ከላይ ደህና መስሎ ይበጠሳል።

በገመዱና በመልህቁ መካከል 5 ሜትር ሰንሰለት ይግባ። ባለ 8 ሚሊ ሰንሰለት በሜትር 1.4 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን 7 ኪሎ ይጨምራል፤ ዋናው ጥቅሙ ግን የዘንጉን ጫፍ ወለሉ ላይ አስተኝቶ መያዙና ድንጋይ ገመዱን እንዳይቆርጠው መከላከሉ ነው። ሰንሰለቱን ከመልህቁ ጋር የሚያያይዘው የዩ ቅርጽ ማያያዣ ብሎኑ በቀጭን ሽቦ ካልታሰረ፣ ጀልባው ሌሊቱን ሙሉ ሲወዛወዝ እየተፈታ ወጥቶ ጠዋት ባዶ ሰንሰለት ይሳባል። ጨው አልባ ውሃ ስለሆነ ዝገቱ እንደ ባሕር አይቸኩልም፤ ቢሆንም ለዓይን ደህና የሚመስል ሰንሰለት ቀለበቶቹ የሚነካኩበት ቦታ ተበልቶ ይገኛልና እዚያ ላይ ይታይ።

የገመዱ ሌላ ጫፍ ጀልባው ላይ ይታሰራል። ይህን መጻፍ የሚያስቅ ይመስላል፤ ግን ገመዱን ሁሉ ለቅቆ ጫፉ ሲያመልጥ ማየት ብርቅ አይደለም። የሚታሰርበት ቦታም የወንበር እግር ወይም የጣሪያ ቋሚ አይሁን። በፋይበር ግላስ ጀልባ ላይ ከሆነ ማሰሪያው ከሥሩ ሰፊ ላሜራ ተደርጎለት በአራት ብሎን ይያዝ፤ አለዚያ ማሰሪያው ከነክዳኑ ይነቀላል። ገመዱ የጀልባውን ጠርዝ የሚነካበት ላይ 40 ሳንቲ ሜትር የውሃ ጎማ ተሰንጥቆ ይልበስ። ገመድ ከመበጠስ ይልቅ በመፈግፈግ ያልቃል። በየ10 ሜትሩ ቀለም ወይም ጨርቅ ይታሰርበት፤ ምን ያህል እንደተለቀቀ በጨለማ በእጅ ተዳስሶ መታወቅ አለበት።

አጣጣሉ ብዙ ጥበብ የለውም፣ ትዕግሥት እንጂ። አፍንጫው ወደ ነፋስ ይዞር፤ ጀልባው ሙሉ በሙሉ ይቁም። መልህቁ አይወረወርም። ሲወረወር ሰንሰለቱ በራሱ ላይ ይወድቅና ይጠላለፋል። በእጅ በእጅ እየተለቀቀ ወለሉን እስኪነካ ይወርዳል። ከዚያ ነፋሱ ጀልባውን ወደ ኋላ እየወሰደ ገመዱ ይለቀቃል። የጥልቀቱ ሦስት እጥፍ ሲደርስ ለአፍታ ይያዛል፤ ጥፍሩ ይዞር ዘንድ። ከዚያ እስከ አምስት እጥፍ ይለቀቅና ይታሰራል። በጣና ደለል ላይ ወዲያው ሞተር ወደ ኋላ አስገብቶ መጎተት ስሕተት ነው፤ ሳህኖቹ በራሳቸው ክብደት እንዲሰጥሙ አሥር ደቂቃ ይተዉ፣ ከዚያ ማርሹ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ይግባ። መያዙ የሚታወቀው በእጅ ነው። መዳፍ የተወጠረው ገመድ ላይ ሲያርፍ፣ የያዘ መልህቅ ገመድ ዝም ብሎ ይለጠጣል ይመለሳል። የሚጎተት ከሆነ ገመዱ ውስጥ መንቀጥቀጥ ይሰማል፤ ይወጠራል፣ ድንገት ይላላል፣ እንደገና ይወጠራል። ለዓይን ደግሞ ከዳር ሁለት ነገር በአንድ መስመር ይያዝ፤ የቤተ ክርስቲያን ጉልላትና ከኋላው ያለ ረጅም ዛፍ ለምሳሌ። መስመሩ ከተዛባ ጀልባው እየሄደ ነው።

ከኋላ በኩል መልህቅ መጣል የሚወዱ አሉ፤ ሞተሩ እዚያው ስላለ ይቀርባቸዋል። የጀልባ ኋላ ዝቅተኛና ጠፍጣፋ ነው። ሞገድ ሲመጣ ገመዱ ኋላውን ወደ ታች ይዞ ውሃው ዘሎ ይገባል፤ ሞተሩም ክብደቱን ይጨምርበታል። ለምንም አልመክረውም።

ባሕር ዳር በኩል ለሚቆሙ አንድ ነገር ልጨምር። ሌሊትና ማለዳ ነፋሱ ከምድር ወደ ሐይቁ ቀለል ብሎ ይነፍሳል፤ ከቀትር በኋላ ከሐይቁ ወደ ምድር ይመለሳል። ጠዋት የተጣለ መልህቅ ከሰዓት በኋላ በተቃራኒው አቅጣጫ ይጎተታል ማለት ነው። ጀልባው በ50 ሜትር ገመድ ዞሮ ከዳሩ ወገን ይሆናል። ስለዚህ ቦታ ሲመረጥ ጠዋት ያለበት ብቻ አይታይ፣ ዞሮ የሚደርስበት ክብ በሙሉ ይለካ። ዳንፎርዝ የያዘ ሰው ነፋሱ ሲዞር መያዙን እንደገና ይፈትሽ። እምቦጭ ባለበት ወገን ደግሞ ነፋስ የሚነዳው የአረም ምንጣፍ ገመዱ ላይ ሲቆለል ግፊቱ ከጀልባው ግፊት ይበልጣል። እንዲህ ሲመጣ መልህቅ ነቅሎ መሸሽ እንጂ መቋቋም የለም።

በደሴቶቹ ጥግ፣ ድንጋዩ ላይ፣ ችግሩ ይገለበጣል፤ መልህቁ አልይዝ ሳይሆን አልለቅ ይላል። መፍትሔው ሁለተኛ ቀጭን ገመድ ከመልህቁ ራስ፣ ጥፍሮቹ ከሚጋጠሙበት በኩል፣ ታስሮ ጫፉ ላይ ባዶ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ተንሳፍፎ መተው ነው። ሲጣበቅ በዚያ ገመድ ወደ ኋላው ይሳባል። የዚህ ገመድ ርዝመት ከጥልቀቱ ሁለት ሜትር ብቻ ይብለጥ፤ ከዚያ ከረዘመ ውልብልቢት ይጠመጥመዋል። የአሳ መረብ ተንሳፋፊ በሚታይበት አካባቢም መልህቅ አይጣል። የሰው እንጀራ ነው፤ ደግሞ መረብ የለበሰ መልህቅ ምንም አይቆፍርም።

ለታንኳ ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። የደንገል ታንኳ ከውሃው ብዙም ከፍ ስለማይል ነፋስ የሚይዘው አካል የለውም፤ በገመድ የተቆላለፈ ድንጋይ ይበቃዋል። ገመዱ ግን በአንድ ጥቅል ደንገል ላይ ሳይሆን መላውን ታንኳ ዞሮ ይታሰር፤ እርጥብ ደንገል በቀላሉ ይቆረጣል።

አሁን ዘንገና። ከላይ ያለውን ደንብ ይዞ የመጣ ሰው 166 ሜትርን በአምስት ሲያባዛ 830 ሜትር ገመድ ያገኛል፤ ከሐይቁ ወርድ ብዙም የማያንስ። ይህ ብቻ መልህቁን ያስጥላል። ዳር ዳሩንስ? ዳሩም እንደ ገንቦ አፍ ወዲያው ይወርዳል። ተዳፋቱ 25 ዲግሪ ነው እንበል። ነፋስ ከዳር ወደ መሐል ሲገፋ ገመዱ ከመልህቁ የሚወጣው ወደ ቁልቁለቱ ወገን ነው፤ የገመዱ 11 ዲግሪና የመሬቱ 25 ይደመሩና መልህቁ ወደ 36 ዲግሪ ተነሥቶ ይጎተታል። ያ መንቀል ነው። ከተነቀለ በኋላ ደግሞ የሚወድቅበት ወለል የለም። 30 ሜትር ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ በውሃው መካከል ይንሳፈፋል፤ ጀልባው ላይ ያለው ሰው ገመዱ ወጥሮ ስለሚያይ ቆሜአለሁ ብሎ ያምናል። ከተለመዱት ስሕተቶች ሁሉ አደገኛው ይህ ይመስለኛል።

ስለዚህ ዘንገና ላይ የሚታሰረው ከዳር ነው። ከሁለት የተለያዩ ዛፎች ግንድ በቪ ቅርጽ ሁለት ገመድ ወደ ጀልባው አፍንጫ ይመጣል። ልጡን እንዳይልጠው ገመዱ ግንዱን የሚያቅፍበት ላይ ሰፊ የጭነት መኪና ማሰሪያ ወይም የተጣጠፈ ጆንያ ይግባ። እዚህ ላይ የተንሳፋፊው ቢጫ ገመድ ቀን ወጣለት። ውሃው ላይ ስለሚታይ ማንም አይጠለፍበትም። ከዳር ርቆ መሐል ላይ ውሃ ለመቅዳት ወይም ጥልቀት ለመለካት የሚቆም ሰው ደግሞ አንድ ቀዛፊ ይመድብ፤ ቀዛፊ ከሌለ የውሃ ጃንጥላ ይጠቀም።

የውሃ ጃንጥላ ያልኩት ከጠንካራ ሸራ የሚሰፋ፣ ሁለቱም ጫፉ ክፍት የሆነ ቀንድ መሰል ከረጢት ነው። አፉ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋት ኖሮት በ8 ሚሊ ፌሮ ቀለበት ይወጠራል፤ ርዝመቱ አንድ ሜትር፣ የጅራቱ ቀዳዳ 10 ሳንቲ ሜትር ነው። ከቀለበቱ አራት አጫጭር ገመዶች ተነሥተው በአንድ ቦታ ይቋጠራሉ፤ ከዚያ 25 ሜትር ገመድ ወደ አፍንጫው ይሄዳል። ጅራቱ ካልተከፈተ ከረጢቱ እየተሽከረከረ ገመዱን ይጠመዝዘዋል። ጀልባውን አያቆምም፤ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ከሁሉ በላይ አፍንጫውን ወደ ነፋስ ይይዛል፤ ያ 200 ኪሎ ወደ 80 የሚወርደው በዚህ ነው። ጣና መሐል ላይ ሞተር ለጠፋበትም ከመልህቁ አስቀድሞ የሚጣለው እሱ ነው፤ የሞተሩ ሻማ እስኪጸዳ ጊዜ ይሰጣል። ከሌለ ባለ 20 ሊትር ባልዲ ከሥሩ ተበስቶ፣ እጀታው በገመድ ተጠናክሮ፣ ትንሽ ይረዳል።

በቋሚነት ጀልባ ለሚያሳድሩ አንድ ነገር ይቀራል። ኮንክሪት ተሞልቶ የሚጣለው ቸርኬ ጥሩ ጅማሬ ነው፤ ግን የውሃ ውስጥ ክብደቱ ይታሰብ። 500 ኪሎ ኮንክሪት ከ290 ያልበለጠ ነው። እንጉዳይ የመሰለ ብረት ለደለሉ ይሻላል፤ በወራት ውስጥ እየሰመጠ ይሄዳልና ባደረ ቁጥር ይጠነክራል። የሰንሰለቱ ርዝመት የሚለካው ውሃው በሚሞላበት በመስከረምና በጥቅምት እንጂ በግንቦት አይደለም። ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ የሐይቁ መውጫ በጨረጨራ ግድብ ይቆጣጠራል፤ ቢሆንም ከፍታው ከወቅት ወቅት ይለዋወጣል። በ1995 ዓ.ም. ውሃው ወርዶ መርከቦች መንቀሳቀስ አቅቷቸው እንደነበር የሚያስታውሱ ብዙዎች ናቸው። በግንቦት ልክ የተቆረጠ ሰንሰለት በጥቅምት ቀጥ ብሎ ይወጠርና፣ ሞገድ በመጣ ቁጥር የጀልባውን አፍንጫ ወደ ታች ይስባል።

ጀልባ የመመርመር ሥልጣን ላላቸው አካላት ጋዜጣችሁ ይህን ጥያቄ ያድርስልኝ። ላይፍ ጃኬት ሲቆጠር፣ የመልህቁ ገመድም ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ይለካ። ባለ 10 ሜትሩ ምልክት በየቦታው አለ ወይ፣ የዩ ማያያዣው በሽቦ ታስሯል ወይ፣ የገመዱ መጨረሻ ጀልባው ላይ ተቋጥሯል ወይ ተብሎ ይታይ። ሩብ ሰዓት አይፈጅም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከባሕር ዳር